አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ሳይጀመር፦ የሴልና የኬሚስትሪ ክለሳዬ እዚህ ደርሷል

ነርሲንግ በማታ ተመዝግቤያለሁ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ እስኪጀመር ድረስ የሴል ባዮሎጂና ትንሽ ኬሚስትሪ እየከለስኩ ነው። 12ኛ ክፍልን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ፣ በመሃል ሥራም ልጅም መጣ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ማታ ጋቢ ውስጥ ከገባሁ እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ፣ ስለዚህ የማነበው ጠዋት ቤቱ ሳይነቃ ነው። እንደኔ ቆይታችሁ የምትመለሱ ካላችሁ ምን እንደጠቀመኝና ምኑ ዝም ብሎ ጊዜ እንደሚበላ ልንገራችሁ።

ከኬሚስትሪው ብዙውን እለፉት። የኤሌክትሮን ኦርቢታል ምናምን ለጊዜው ይቆይ። አየን ምን እንደሆነ፣ ኮንሰንትሬሽን እንዴት እንደሚሰላ፣ ፒኤች ምን እንደሚለካ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ዘይት ለምን እንደማይሟሟ ካወቃችሁ ለመጀመሪያ ይበቃል። ከሴሉ በኩል ደግሞ የኦርጋኔሎችን ስም ብቻ መሸምደድ አያዋጣም። እኔ ጊዜዬን የሰጠሁት ለሜምብሬኑ፣ ማለትም ለሴሉ ሽፋን ነው፤ ነርቩም ልቡም ኩላሊቱም የሚሠሩት በሜምብሬን በኩል በሚያልፈው ነገር ነውና።

ኦስሞሲስን (ውሃ በሜምብሬን በኩል የሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ጎን ማለፉን) በስሌት ያዙት። ጤና ጣቢያ የሚሰቀለው ኖርማል ሳላይን 0.9 በመቶ ነው፣ ማለትም በ1 ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው። አንድ ሞል ጨው 58.4 ግራም ይመዝናል። 9ን ለ58.4 ስታካፍሉት 0.154 ሞል፣ ወይም 154 ሚሊሞል ይመጣል። ጨው ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ስለሚለያይ በሁለት አባዙት፣ 308 ሚሊኦስሞል (የሟሙት ቅንጣቶች ብዛት) በሊትር። የደማችን ከ285 እስከ 295 ገደማ ነው። ስለሚቀራረቡ ቀይ የደም ሴል እዚያ ውስጥ አያብጥም፣ አይጨማደድም። ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ግን ውሃው ወደ ውስጥ ይጎርፍና ያፈነዳዋል።

ከዚያ የሶዲየም ፖታሲየም ፓምፕ። በአንድ ኤቲፒ (ሴሉ ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ሦስት ሶዲየም ከሴሉ ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ቁጥሩን ማንም ይሸመድደዋል፣ የገባኝ ግን በኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ በሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት በኩል ነው። ብዙ ሰው ስኳሩ ለጣዕም የገባ ይመስለዋል። የአንጀት ሴል ላይ ሶዲየምና ግሉኮስን አንድ ላይ ካልሆነ የማያስገባ ፕሮቲን አለ። ፓምፑ በሌላኛው ጎን ሶዲየሙን ወደ ደም እየገፋ ሴሉ ውስጥ ያለውን ስለሚያሳንሰው፣ ከአንጀት ያለው ሶዲየም ግሉኮሱን ይዞ ይገባል፣ ውሃው ደግሞ ይከተላቸዋል። ኮሌራ ይህን መግቢያ ስለማያበላሸው ሰውዬው ተቅማጡ ሳይቆም እንኳ የሚጠጣው ውሃ ወደ ደሙ ይገባለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመክረው ኦአርኤስ በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ አለው። እኩል ናቸው፣ ልብ በሉ።

ፒኤች ላይ ደግሞ የሚያሳስተው ቁጥሩ ትንሽ መምሰሉ ነው። የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ከ7.4 ወደ 7.1 ቢወርድ ምንም አይመስልም፣ ግን ደሙን አሲድ የሚያደርገው የሃይድሮጅን አየን እጥፍ ሆኗል። ሎጋሪዝም ስለሆነ ነው። የሚያስተካክለውን መንገድ ለመያዝ የአምቦ ውሃን አስቡ፦ ጋዙ ውሃው ውስጥ እስካለ አሲድ ይሠራል፣ ጠርሙሱ ተከፍቶ ጋዙ ሲወጣ አሲዱም ይቀንሳል። ሳንባም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማውጣት ይህንኑ ይሠራል። ትንፋሽ ከሚያስፈልገው በታች ሲቀንስ አሲድ ይከማቻል፣ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ደሙ ወደ ቤዝ ያደላል።

ታናሽ እህቴ 11ኛ ክፍል ናት፣ ማታ ማታ ትጠይቀኛለች። ሰሞኑን «እታለም፣ ቀይ የደም ሴል ሚቶኮንድሪያ ከሌለው ኤቲፒ ከየት ያመጣል?» አለችኝ። ሚቶኮንድሪያ በኦክስጅን ኤቲፒ የሚያመርተው የሴል ክፍል ስለሆነ ጥሩ ጥያቄ ነው! ግሉኮስን ያለ ኦክስጅን በግላይኮሊሲስ ብቻ ይሰብራል፣ ስለዚህ የተሸከመውን ኦክስጅን ራሱ አይበላውም። ኒውክሊየስም ስለሌለው የተበላሸ ፕሮቲኑን መተካት አይችልም፣ 120 ቀን ያህል ኖሮ ያልቃል። ከዚህ ተነስተን ወደ ከፍታ ገባን። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በአየሩ ውስጥ የኦክስጅኑ ድርሻ ሁለቱም ጋ 21 በመቶ ነው፣ የሚለየው ግፊቱ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቅና መቅኒው ቀይ ሴል ጨምሮ እንዲያመርት ያዘዋል። ሥራው ቀናትና ሳምንታት ስለሚፈልግ ከቆላ መጥቶ በነጋታው የጦሳን ተራራ ልውጣ የሚል እንግዳ ቢያለከልክ አይፈረድበትም።

የቀረኝ ከዲኤንኤ እስከ ፕሮቲን ያለው መንገድና ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙን ጀምሬዋለሁ፣ ሌላውን ገና አልነካሁትም። ከዚያ ወደ ቲሹዎች ልገባ ነው፣ እዚያ ላይ ግን ማይክሮስኮፕ የለኝም። ኤፒቴሊየምን ከሥዕል ብቻ ያጠናችሁ ካላችሁ፣ በወረቀት እየሣላችሁ ነው ወይስ ፎቶ እያያችሁ? ንገሩኝ እስቲ።