በሞንትጎመሪ ካውንቲ የመጻሕፍት ክርክርን ለወላጆች ያስረዳሁበት መንገድ

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ብዙ በመሆናቸው የካውንቲው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ጭምር ያወጣል። ያም ሆኖ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርና የጾታ ማንነት የሚነሳባቸው የሕፃናት መጻሕፍት በክፍል መነበባቸው ባስነሳው ክርክር ወቅት እኛ ወላጆች ዘንድ ቀድሞ የሚደርሰው በስልክ የሚዘዋወረው የድምፅ መልእክት ነበር፤ አንዱ መጻሕፍቱ ታግደዋል ሲል ሌላው ለልጆቹ ሁሉ ግዴታ ሆነዋል ይላል። ስለዚህ ሰነዶቹን ራሴ አንብቤ ከቅዳሴ በኋላ ለሚሰበሰቡ ወላጆች ማስረዳት ጀመርኩ።

በመጀመሪያ የጉዳዩን ሂደት በአንድ ገጽ ጻፍኩ። የትምህርት ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2022 እነዚህን መጻሕፍት በአንደኛ ደረጃ የንባብ ትምህርት ውስጥ አካተተ። መጀመሪያ ላይ ወላጆች አስቀድሞ ይነገራቸው፣ ልጃቸውንም ከክፍል ማስወጣት ይችሉ ነበር፤ በመጋቢት 2023 ግን ይህ ቀረ። ቦርዱ የጥያቄው ብዛት ለትምህርት ቤቶቹ አስቸጋሪ መሆኑንና በመጻሕፍቱ ውስጥ የተገለጹትን የሚመስሉ ቤተሰቦች ልጆች የመገለል ስሜት እንዳያድርባቸው መስጋቱን አስረዳ። በግንቦት ወር ሙስሊም፣ ካቶሊክና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ወላጆች በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ በዚያው በጋ በካውንቲው መቀመጫ በሮክቪል በተደረጉት ሰልፎች የእኛም ኦርቶዶክሳውያን ወላጆች ከሙስሊሞቹ ጋር ቆመው ነበር። ይህን ገጽ ያነበበ ወላጅ የክሱ ጥያቄ መጻሕፍቱ ይወገዱ የሚል ሳይሆን አስቀድሞ የመነገርና ልጅን የማስወጣት መብት መሆኑን ወዲያው ይረዳ ነበር።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን ማን ምን እንደሚወስን ማስረዳት ነበር። በአገራችን ልማድ አቤቱታ የሚቀርበው ለርዕሰ መምህሩ ስለሆነ ብዙ ወላጆች እሱን ለማሳመን ይደክሙ ነበር፤ ነገር ግን ፖሊሲ የሚያወጣው 8 አባላት ያሉት ቦርድ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ተማሪ ነው። የትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የበላይ ኃላፊ የሆነው ሱፐርኢንተንደንት ያስፈጽማል፤ ርዕሰ መምህሩ በራሱ ሥልጣን የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው። በቦርዱ ስብሰባ መናገር ደግሞ አስቀድሞ መመዝገብን ይጠይቃል፤ የሚሰጠውም ጊዜ አጭር በመሆኑ ተናጋሪዎቹ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው እንዲቀርቡ መከርኩ። ረጅም ሰላምታና ምስጋና የለመደ ሰው ይህ ይከብደዋል።

ወላጆቹ ክሱ እስኪያልቅ ልጆቻቸውን ማስወጣት እንዲችሉ የጠየቁትን ጊዜያዊ እግድ የበታች ፍርድ ቤቶች ከልክለው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሰኔ 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆቹ ወሰነ፤ ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ የጻፉት ውሳኔም በ1972 አሚሽ የተባሉት የዊስኮንሲን ክርስቲያን ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ባገኙት ፍርድ ላይ በብዙ ተመሥርቷል። እኔ ለወላጆቹ የዳኛ ሶንያ ሶቶማዮርን ተቃውሞም አብሬ አነበብኩላቸው፤ ከተለየ ሐሳብ ጋር መገናኘት ብቻውን የሃይማኖት ነፃነትን አይጥስም የሚለውን ክርክር ሳያውቁ ከመምህር ጋር መነጋገር አይበጅም ብዬ አምናለሁ። ውሳኔው ክሱ እስኪያልቅ የሚጸና ጊዜያዊ ትእዛዝ መሆኑንም ደጋግሜ ተናገርኩ፤ አንዳንዶች በትምህርቱ ሁሉ ላይ ሥልጣን የተሰጣቸው መስሏቸው ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሥራው ደብዳቤ መጻፍ ሆነ። «ከእምነታችን የሚጋጭ ማንኛውም ነገር» የሚል ጥያቄ መምህሩ ሊፈጽመው ስለማይችል፣ የልጁን ስምና ክፍል፣ የተፈለገውን ቅድመ ማስታወቂያ፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ መጨረሻ ላይም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ መጠየቅን የያዘ አጭር ናሙና አዘጋጀሁ። ሁሉም ወላጅ ልጁን ማስወጣት አልፈለገም። አንዲት እናት የፈለገችው መጽሐፉ በክፍል ከመነበቡ በፊት ከልጇ ጋር ቤት ውስጥ ማንበብ ብቻ ስለነበር፣ የእሷ ደብዳቤ የመጽሐፉን ርዕስና የሚነበብበትን ቀን ብቻ ጠየቀ።