ጉዳዩ፦ ስለ መልቀቅ ማሳወቅን ይመለከታል

የእሑድ ማታ ድብርቴ ዛሬ ሳይመሽ ከቀትር ጀምሮ መጣብኝ። ከሐይቁ የሚነሣው የኅዳር ነፋስ መጋረጃውን እያወዛወዘ፣ እኔ ለመዋዕለ ሕፃናቱ የምናስገባውን ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ትንሹ ከነገ ጀምሮ እንደማይሄድ ከአባቱ ጋር ተስማምተናልና። ውሳኔው ብዙ አላከራከረንም። በመስከረም በሩ ላይ ሲያለቅስ ያየን ሁሉ «ይለምዳል» ይለን ነበር፤ እውነትም ማልቀሱን ተወ፤ ነገር ግን ከልቅሶው ጋር ጨዋታውንም ወሬውንም አብሮ ተወ። ምሳ ዕቃው እንደ ሄደ ይመለሳል፤ ቅዳሜ ጠዋት እንኳ ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄው «ዛሬም አለ?» የሚል ነው። መምህራኑ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ክፍሉ ግን ከልክ በላይ ሞልቷል፣ እርሱም ጩኸት የማይችል ልጅ ነው።

ቀላል ያልሆነው ከውሉ መውጣቱ ነው። ስንመዘገብ የፈረምነው ወረቀት፣ ወላጅ ልጁን ለማስወጣት ሲፈልግ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ሳያሳውቅ ቢያስወጣ ግን የአንድ ወር ክፍያ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ የመመዝገቢያው ገንዘብማ ጨርሶ አይመለስም። አባቱ ወረቀቱን አንብቦ «ልጁ ለማይውልበት ወር የምንከፍለው ለምንድን ነው?» ብሎ ተቆጣ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጋር ነኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ሕጉን ብንተወው እንኳ የሞግዚቶቹ ደመወዝ የሚወጣው ከእኛው ክፍያ ስለሆነ፣ አንድ ልጅ ድንገት ሲቀር ጉድለቱ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። እኔ ራሴ ሥራዬን ልልቀቅ ብል በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአሠሪዬ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅብኛል፤ ለራሴ አሠሪ የማደርገውን ልጄን ላዋሉልኝ ሴቶች የምነፍግበት ምክንያት አይታየኝም። ውሉን ያጓደሉት እነርሱ ናቸው ብለን ብንነሣ ደግሞ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት በቅድሚያ ግዴታቸውን እንዲፈጽሙ ማስጠንቀቅ ይኖርብን ነበር። አባቱ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ጠበቃቸው ሆንሽ እኮ» አለኝና ወጣ።

ሕግ ማገላበጥ ከጀመርኩ አይቀር ሕገ መንግሥቱንም ከፈትኩ። አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ተቋማትን፣ ፍርድ ቤቶችን፣ የአስተዳደር ባለሥልጣናትንና ሕግ አውጪዎችን እየጠራ ያዛል። ወላጅን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አላገኘሁትም፤ ወላጅማ ሳይታዘዝም ያደርገዋል ተብሎ ይሆናል።

ደብዳቤው ግን አልሆን አለኝ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ ጀምሬ፣ «ልጃችን በገዛ ፈቃዱ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ ገና በቅርቡ የለመደ ሰው ጡረታ የሚወጣ መሰለኝ። ከግርጌ በልማድ «ግልባጭ» ብዬ ጽፌ ለማን እንደሆነ ሳስብ፣ ትዝ ያለችኝ እማዬ ብቻ ናት።

ከአሁን በኋላ ትንሹ የሚውለው እርሷ ጋር ነው። የእኛ ውል የተፈጸመው በስልክ ነበር። «እማዬ፣ ትንሹን አንቺ ጋ ላውለው?» አልኳት፤ «ታዲያ የት ሊውል ኖሯል?» አለችኝ፤ በዚሁ ተዘጋ። ስንት ሰዓት እንደምናደርሰው፣ ስንት ሰዓት እንደምንወስደው፣ ማኅበሯና ዕድሯ በሚውሉበት ቀን ምን እንደሚደረግ አልተነሣም። ክፍያ ባነሣ «ሞግዚት ልታደርጊኝ ነው?» ብላ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይነገረዋል፣ ካልተነገረውም ይካሳል፤ እማዬ ግን ቢደክማት ማስጠንቀቂያዋን ለማን ታስገባለች? ምናልባት «ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል» ትለን ይሆናል፤ እኛም «እግዜር ይማርሽ» ብለን በማግሥቱ ጠዋት ልጁን በባጃጅ እናደርስላታለን።

ይህን ሳስብ ነው ቁልቢ ትዝ ያለኝ። የሐዋሳው ገብርኤልም የሚነግሠው ታኅሣሥ 19 ቀን ነው፤ የእማዬ ስለት ግን የቁልቢ ስለሆነ፣ ከማኅበሯ ሴቶች ጋር ለጉዞው የተመዘገበችው ገና ከክረምት ጀምሮ ነው። በስልኩ ላይ አንድም ቃል አላነሣችብኝም።

ደብዳቤውን ነገ ብናስገባ የማስጠንቀቂያው 30 ቀን ቁልቢን ይዞ ያልፋል። የወሩ ሒሳብ የሚከፈል ነው፤ ቦታውም እስከዚያው የልጁ ነው። እማዬ እስክትመለስ ላሉት ቀናት ብቻ ቢሄድስ? ወይስ ስለቷን ለሐምሌው ንግሥ እንድታስተላልፍ ልለምናት? እኔ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ልጠይቅ የሚለው ሐሳብ ከእነዚህ ሁለቱ ኋላ ሦስተኛ ሆኖ መጣልኝ፤ አባቱም የዓመት ፈቃድ እንዳለው ግን ያስታወስኩት ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ነው።