ቲሲፒ አራት ነጥብ አያውቅም

ሥራው ሲነገረኝ ቀላል ነበር። አንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት የመጋዘን ሠራተኞቹና 60 ያህል ሾፌሮቹ መልእክት የሚለዋወጡበት ትንሽ ሰርቨር ፈለገ። ፎቶ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ጽሑፍ ብቻ። «ቴሌግራም አለ አይደል እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። መዝገቡ በእጃችን ይሁን አሉ፤ አለቀ።

መጀመሪያ የሚታሰበው ድረ ገጾች የሚሠሩበት የጥያቄና መልስ ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ)፣ ኤችቲቲፒ ነው። ስልኩ በየ2 ሰከንዱ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ይጠይቃል። ወረቀት ላይ አሰላሁት። 60 ስልክ ማለት በሰከንድ 30፣ በሰዓት 108,000 ጥያቄ ነው። ሰርቨሩስ ይችለዋል። የሚጎዳው ሾፌሩ ነው፤ ባትሪውም የዳታ ጥቅሉም «የለም» የሚል መልስ ሲያመላልስ ያልቃል። ተውኩት።

መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልከው ፕሮቶኮል፣ ዩዲፒ፣ ያጓጓል። ግንኙነት መክፈት የለ፣ ፓኬቱን (ትንሿን የመረጃ ጥቅል) ወርውሮ መሄድ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ራሱን የቻለ መልእክት ሆኖ ይደርሳል። ከደረሰ። ለስልክ ጥሪ ይመቻል፤ ድምፁ ትንሽ ቢቆራረጥ ሰው «ሃሎ?» ብሎ ይቀጥላል። «ጭነቱ ተሰርዟል፣ ተመለስ» የሚል መልእክት መንገድ ላይ ከቀረ ግን ሾፌሩ ወሬውን የሚሰማው አዳማ ደርሶ ነው። የጠፋውን መልሶ መላኩን፣ ቅደም ተከተሉን መጠበቁን እኔው ከጻፍኩ ደግሞ ይህን ሁሉ ራሱ የሚሠራውን ፕሮቶኮል፣ ቲሲፒን፣ እንደ አዲስ መሥራቴ ነው። ስለዚህ ቲሲፒ።

ቲሲፒ ግንኙነቱ እስካለ ድረስ ባይቶቹን (መረጃው የሚቆጠርባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) በተራቸው ያደርሳል። መልእክት የሚባል ነገር ግን አያውቅም። «ሰላም» እና «የት ደረስክ» ብዬ ለየብቻ ብልክ ሁለቱ ተጣብቀው ሊደርሱ ይችላሉ። አንዱ ለሁለት ተከፍሎም ሊመጣ ይችላል። አራት ነጥብ የሌለው ጽሑፍ እንደማንበብ ነው። ነጥቡን የምናስቀምጠው እኛ ነን። አንዱ ዘዴ በመስመር መለየት ነው፤ ከ1988 ጀምሮ ያለው የቻት ሥርዓት፣ አይአርሲ፣ የሚሠራው እንዲህ ነው። የእኛዎቹ ግን በአንድ መልእክት ውስጥ ብዙ መስመር ስለሚጽፉ ሌላኛውን መረጥኩ። ከእያንዳንዱ መልእክት ፊት ርዝመቱን በ4 ባይት መጻፍ።

እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ፣ በዩቲኤፍ-8፣ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፣ 9 ባይት። የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን የጽሑፉን ርዝመት ብትጠይቁት 3 ይላችኋል። መቁጠር ያለበት ወደ ባይት ከተቀየረ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን አያየውም፤ ፊደሉና ባይቱ እኩል ነዋ! ሙሉው ሳይደርስ ወደ ጽሑፍ መቀየርም አይሆንም፤ «ላ» መሃሏ ላይ ተቆርጣ ልትመጣ ትችላለች። ደግሞም በ4 ባይት ከ4 ቢሊዮን በላይ የሆነ ቁጥር ይጻፋል። ሰርቨሩ የተባለውን ሁሉ አምኖ ሜሞሪ እንዳያዘጋጅ 64 ኪሎባይት ላይ ጣሪያ አበጀሁ።

የሞተ ግንኙነትስ? ስልኩ ኔትወርክ ወደሌለበት ሲገባ ለሰርቨሩ «ቻው» አይልም። ሰርቨሩ መስመሩ ያለ ይመስለዋል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሊኑክስ የራሱ ኪፕአላይቭ (ግንኙነቱ መኖሩን የሚፈትሽ ዘዴ) ቢከፈት እንኳ፣ ካልነካኩት መጠየቅ የሚጀምረው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። ለቻት ይህ ዘመን ነው። ስለዚህ በየ30 ሰከንዱ ፒንግ («አለህ?» የሚል አጭር መልእክት) እልካለሁ፤ ሁለቴ መልስ ከጠፋ እዘጋለሁ። ባትሪ ይበላል፣ አዎ፤ ግን ከቅድሙ የየ2 ሰከንድ ጥያቄ በጣም ያነሰ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ማረጋገጫ ነው። መላክ ተሳካ ማለት ባይቱን የራሳችን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተረከበ ማለት ብቻ ነው። ሾፌሩ ጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ መልእክት ቁጥር ሰጠሁት። የተቀባዩ ስልክ መልእክቱን ካስቀመጠ በኋላ «ይህን ቁጥር አግኝቻለሁ» ይላል። ካላለ ይደገማል። ሁለቴ ቢደርስ በቁጥሩ ይለያል።

ከዚያ መጋዘን ያሉት በብራውዘር እንጠቀም አሉ። ብራውዘር ውስጥ ያለ ድረ ገጽ ጥሬ ቲሲፒ መክፈት አይችልም፤ ዌብሶኬት መክፈት ግን ይችላል። ዌብሶኬት በ2011 ደረጃ የወጣለት፣ ቲሲፒ ላይ የሚሄድ ፕሮቶኮል ነው። የመልእክቱን ድንበር ራሱ ያበጃል፣ የተመሰጠሩ ድረ ገጾች በሚያልፉበት በር፣ በፖርት 443፣ ስለሚያልፍም ከቢሮ ፋየርዎል (የኔትወርክ ዘበኛ) ጋር አይጣላም። ሾፌሮቹንም ወደዚያው አዛወርኳቸው። የ4 ባይቱ ኮድ ተሰረዘ። ቁጥሩ፣ ማረጋገጫውና ፒንጉ እንዳሉ ቀጠሉ። እንደኔ ከሆነ ጊዜ የሚገባው ለእነዚህ ነው፤ ከሥር ያለው መጓጓዣ ሊቀየር ይችላል።

ስለ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚሄድ የሥራ መስመር) ብዙ አልጨነቅም። ለ60 ሰው በየግንኙነቱ አንድ ትሬድ ቢከፈትም ይበቃል። እኔ አሲንክአይኦን (ብዙ ግንኙነት በአንድ ትሬድ የሚያስተናግደውን የፓይተን መሣሪያ) የመረጥኩት የተገናኙትን ሰዎች የጋራ ዝርዝር በሎክ (ሁለት ትሬድ በአንዴ እንዳይነካው በሚዘጋ ቁልፍ) ከመጠበቅ ስለገላገለኝ ነው። አንድ ነገር ግን ይፈልጋል። ኔትወርኩ የሚያዘግም ሾፌር ሲኖር እሱን መጠበቅ ሌላውን ሁሉ እንዳያስቆም ለየሰው የራሱ ወረፋ ሰጠሁ። ወረፋው ከ200 መልእክት ካለፈ ሰርቨሩ ግንኙነቱን ይዘጋል። ስልኩ ተመልሶ ሲገናኝ የመጨረሻውን ቁጥር ይናገራል፣ ቀሪው ከዳታቤዝ ይላክለታል።