ሄሊኮፕተር ለመማር ስንት አወጣሁ? 24,995 ዶላር

ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ ሰው ሄሊኮፕተር ሳያይ አይውልም። ቀን ቱሪስት ጭነው ወደ ግራንድ ካንየን ይሄዳሉ፣ ማታ ስትሪፑን፣ ማለትም የካሲኖዎቹን ጎዳና፣ ከላይ ይዞሩታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከታች አንጋጥጬ ሳያቸው ኖርኩና አንድ ቀን ለባለቤቴ "ልማር ነው" አልኳት። "መጀመሪያ የመኪናውን ጎማ ቀይር" አለችኝ።

ትምህርት ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ለግል አብራሪ ፈቃድ ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ነው ተባልኩ። በሮቢንሰን አር22፣ ማለትም በባለ ሁለት መቀመጫዋ ትንሽ ሄሊኮፕተር፣ ከነአስተማሪው በሰዓት 340 ዶላር። 40 ጊዜ 340፣ 13,600። የ12 ሺህ ዶላር እቁብ ወጥቶልኝ ስለነበር ቀሪውን ትርፍ ሰዓት እየነዳሁ እሞላዋለሁ ብዬ ገባሁበት። ጉድ የሠራኝ ይሄ ስሌት ነው። 40 ሰዓት ዝቅተኛው መጠን እንጂ ሰው የሚጨርስበት አይደለም። እኔ የጨረስኩት በ68 ነው።

ገና ሳልነሳ ሚዛን ላይ አወጡኝ። በአር22 አንድ መቀመጫ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 109 ኪሎ ነው። እኔ 98 ነበርኩ፣ አስተማሪዬም ቀጭን አይደለም። ሁለታችን ከተቀመጥን ነዳጅ መሙላት አይቻልም። ከፍ ያለችው አር44 ደግሞ ዋጋዋ ሌላ ነው። ደግነቱ ሁዳዴ ገባ። ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ፤ ከጠቅላላው ትምህርት በነፃ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ባለህበት አየር ላይ መቆም የሚባለው መጣ። ግራ እጅህ ኮሌክቲቩን፣ ማለትም በጎንህ ያለውን ማንሻ፣ ይዞ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ቀኝ እጅህ ሳይክሊኩን፣ ማለትም መሪውን ዘንግ፣ ይዞ ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይወስዳል። እግሮችህ በፔዳሎቹ አፍንጫዋን ያዞራሉ። አንዱን ስትነካ ሌሎቹ ሁለቱ ይበላሻሉ። ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደ ሰከረ ሰው ስወላገድ ከረምኩ። አስተማሪዬ "አትያዘው፣ አስበው ብቻ" ይለኛል። በሰዓት 340 ዶላር እየከፈልኩ "አስበው" ስባል ደሜ ፈላ። ሰባተኛው ሰዓት ላይ ግን እጄ ፈታ አለና ቀጥ ብላ ቆመች። እንዴት እንደሆነ አሁንም አላውቀውም።

31ኛው ሰዓት ላይ ገንዘቡ አለቀ። አራት ወር አቋረጥኩ። ስመለስ እጄ ሁሉንም ረስቶታል፤ የነበርኩበት ለመድረስ ብቻ ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ። 2,380 ዶላር እንዲሁ በአየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ከስህተቶቼ ሁሉ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚበር ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ከሚበረው በጣም ያነሰ ያወጣል።

ሙቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። በሐምሌ 40 ዲግሪ ሲያልፍ አየሩ ይሳሳል፣ ሮተሩ፣ ማለትም ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ፣ የሚገፋው ያጣል፣ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ ትምህርቱ ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ነው የምመጣው። አንድ ቀን አስተማሪዬ ዓይኔን አይቶ "ዛሬ አትበርም" ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ልክ ነበር።

ምክንያቱም በአር22 ላይ ሞተር ቢጠፋ ኮሌክቲቩን በአንድ ሰከንድ አካባቢ ውስጥ ወደ ታች መጣል አለብህ። ሮተሯ ቀላል ስለሆነች ዙሯ ቶሎ ይወርዳል፣ ከወረደ ደግሞ አይመለስም። ከጣልክ ግን ከታች የሚመጣው አየር ሮተሩን እያዞረው ትወርዳለህ። አውቶሮቴሽን ይሉታል። መጀመሪያ ሲያሳየኝ ሆዴ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። በዚህች ሄሊኮፕተር ብቻዬን ከመብረሬ በፊት ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ 20 ሰዓት የተጠየቅሁት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሒሳቡን ልዘርዝረው። በረራ 23,120። የበረራ ፈተናው ፈታኝ 900። የጆሮ ማዳመጫ 400። መጻሕፍት 250። የጽሑፍ ፈተና 175። የጤና ምርመራ 150። ድምሩ 24,995 ዶላር። ባለቤቴ አምስቱን ዶላር አውጥታ "በል ሙላው" ብላ ሰጠችኝ።

የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ፤ ሁሌ የምላቸው ሙሉውን ገንዘብ ሳትይዙ አትጀምሩ ነው። ግን ሙሉውን ቀድማችሁ ለትምህርት ቤት አታስረክቡ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ኔቫዳ የነበረው ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ በፌብሩዋሪ 2008 በአንድ ጀምበር ሲዘጋ፣ ወደ 70 ሺህ ዶላር ተበድረው የገቡ ብዙ ተማሪዎች ፈቃዱንም ሳይዙ ዕዳው ብቻ ቀረባቸው። እኔ አምስት አምስት ሰዓት እየገዛሁ ነው የተማርኩት። ቅናሽ አመለጠኝ፣ እንቅልፌ ግን አላመለጠኝም።

የግል ፈቃድ እንጀራ አያበላም። እየተከፈለህ ለመብረር የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ 150 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያም ቱሪስት የሚያዞሩት ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ሺህ ሰዓት የበረረ ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ አስተማሪ ሆኖ ሰዓቱን ያጠራቅማል። ለእኔ ለ150ው ገና 82 ይቀረኛል። አዲስ እቁብ ገብቻለሁ፣ በዚህ ጊዜ ገንዘቡ ሞልቶ እጄ ሳይገባ ትምህርት ቤቱ ደጅ አልደርስም። ጎማውም ተቀይሯል።