የሰፈር ልጆችን የሰላይ ጨዋታ ሳስተምር፦ እንዴት እንዳደረግኩት፣ ምን እንደሰራና ምን እንዳልሰራ

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኛ ድሬ ላይ ችግሩ የታወቀ ነው፣ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ልጅ ደጅ አያስወጣም፣ ቤት ከተቀመጡ ደግሞ ስልክ ብቻ ነው። ከዚራ ያለው ግቢያችን ውስጥ የኔ ሁለት ልጆች፣ የወንድሜ ልጅና ግቢ የምንጋራቸው ጎረቤቶች ልጆች አሉ፣ ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው ትልቋ አስራ ሁለት። እኔ ስለ ድሮ ሰላዮች ማንበብ በጣም ነው የምወደው፣ እና በቃ ለምን እንደ ሰላይ መልእክት መለዋወጥ አላስተምራቸውም ብዬ ጀመርኩ። ልጅ ላለው ሰው ሁሉ እንዲሞክረው ከልቤ ስለምመኝ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

ሰው ስለዚህ ጨዋታ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት የማይታይ ቀለም ነው። ቀለሙ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ቀድሞ መስማማት ነው፣ መልእክት መኖሩን በምን አውቃለሁ፣ የት ነው የማገኘው፣ መቼ ነው የማነሳው። እነዚህ ሦስቱ ካልተወሰኑ የፈለገ ኮድ ቢኖራችሁ ልጆቹ መጨረሻ ላይ ተጠራርተው "ደብዳቤ አስቀምጬልሃለሁ" ይባባላሉ፣ ጨዋታውም እዛው ያልቃል።

ሲግናሉን፣ ማለትም መልእክት መኖሩን የሚናገረውን ምልክት፣ ሳስተምር የአልድሪች ኤምስን ታሪክ ነገርኳቸው። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ሰራተኛ ሆኖ ለሶቪየቶች ሲሰልል የኖረና በፈረንጆቹ 1994 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) የተያዘ ሰው ነው፣ ዋሽንግተን ውስጥ መንገድ ዳር ያለ የፖስታ ሳጥን ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምር ነበር። ስልክ የለ ምን የለ፣ አንድ የጠመኔ መስመር ብቻ፣ የሚያየው ሰው ያውቃል የማያውቀው ያልፋል። ልጆቹ ወዲያው እኛም ይኑረን አሉና የልብስ መቆንጠጫ መረጡ፣ ገመዱ ላይ በር በኩል ቀይ መቆንጠጫ ካለ መልእክት አለ ማለት ነው። ጥሩ ሀሳብ ነበር ግን ልብስ ያጠበ ሰው ሁሉ መቆንጠጫውን ያነሳዋል፣ አንድ ቀን እናቴ አንሶላ ስታሰጣ ቀይ ቀዩን በር በኩል ደረደረችውና አራት ልጅ ባንዴ ወደ ደብዳቤው ቦታ ሮጠ። ከዛ በኋላ ተነጋገሩና ግቢ ውስጥ ካለው የውሃ ታንከር እግር ላይ ጠመኔ ሆነ። ሲግናል ማንም የማይነካው፣ ቢያዩትም ማንም "ይሄ ምንድነው" የማይለው ነገር መሆን እንዳለበት በራሳቸው ነው የደረሱበት፣ እኔ ብነግራቸው እንደዛ አይገባቸውም ነበር።

የማስቀመጫ ቦታ ላይ አንድ ጥብቅ ህግ አለኝ፣ ውስጡን የማታየው ቀዳዳ ውስጥ እጅህን አትከትም። ድሬ ነው ያለነው፣ ድንጋይ ስርና ስንጥቅ ውስጥ ጊንጥ አለ። ስለዚህ የዛፍ ቀዳዳና የግንብ ስንጥቅ ምናምን የለም፣ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ወረቀቱን አጥፈን አበባ ከተተከለበት የዘይት ጣሳ ኋላ ወይም ደረጃው ጫፍ ላይ እናስቀምጣለን። የክብሪት ቀፎ ደግሞ መሬት ላይ ቢወድቅ ማንም አያየውም። እዚህ ጋ በ1953 ብሩክሊን ውስጥ ጋዜጣ የሚያድል ልጅ ያገኘውን ሳንቲም ነገርኳቸው፣ ሳንቲሙ ወድቆ ለሁለት ሲከፈት ውስጡ በጣም ትንሽ ፎቶ፣ ፎቶው ላይ ደግሞ ቁጥር ብቻ። የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እስከ 1957 ሊፈታው አልቻለም፣ የተፈታው አንድ የሶቪየት ሰላይ ራሱ ከድቶ ሲመጣ ነው። ይሄን ከሰሙ በኋላ ቤት ውስጥ ያልተደበደበ ሳንቲም የለም።

እጅ በእጅ ማቀበል ከሁሉም የሚያስቅም የሚከብድም ነበር። ሁለት ሰው ከፊትና ከፊት እየመጡ ሲተላለፉ ወረቀቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ቆም ማለት የለም፣ መተያየት የለም። ከሰዓት በኋላ ሞቅታው በረድ ሲል ከዚራ ዛፎቹ ስር ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ተለማመዱ፣ ትልልቆቹ ገና አስር ሜትር ሲቀራቸው ፊታቸው ይቀየራል፣ እጃቸውን ያደርቁታል፣ ሳቅ ያፍናሉ። ሰባት ዓመቱ ልጅ ግን አንደኛ ወጣ፣ ምክንያቱም ምንም የሚደብቅ አይመስልም፣ እያፏጨ ነው የሚያልፈው። ቆየት ብሎ የወንድሜ ልጅ የለውዝ ወረቀት ዘዴ አመጣ። የባቢሌ ለውዝ በወረቀት ተጠቅልሎ አይደል የሚሸጠው፣ አንዱ ገዝቶ እየበላ ይቀመጣል፣ መልእክቱን ውስጡ ይከታል፣ ከዛ "እንካ ብላ" ብሎ ለሌላው ይሰጠዋል። ድሬ ላይ ለውዝ "እንካ ብላ" ብሎ መስጠት ማንን ያስጠረጥራል? በጣም ነው የኮራሁበት።

ቀለሙን በአጭሩ ልበል። ሎሚ ጨምቃችሁ ስንጥር ላይ ጥጥ ጠቅልላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሲደርቅ አይታይም፣ ሲሞቅ ሎሚው የነካው ቦታ ከሌላው ወረቀት ቀድሞ ስለሚቃጠል ቡኒ ሆኖ ይወጣል። እኛ በካውያ ነው ያደረግነው፣ ካውያውን የሚይዘው ትልቅ ሰው ብቻ ነው፣ ሻማም ከሰልም አይፈቀድም። ሎሚ ካበዛችሁ ወረቀቱ ይጨማደድና ያስነቃል፣ ባዶ ወረቀትም ያስነቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በእስክርቢቶ "ሰላም ነው፣ እማማን ሰላም በልልኝ" የሚል ተራ ደብዳቤ ይጻፍና ሎሚው በመስመሮቹ መሀል ይግባ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ በሎሚ ሲጽፍ የተያዘ የጀርመን ሰላይ በ1915 ለንደን ተረሽኗል፣ ማስረጃው ራሱ ሎሚው ነበር።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ የፊደል ኮድ።

የኛ የፊደል ገበታ ራሱ የተዘጋጀ ኮድ ነው። ሀ አንደኛ ረድፍ፣ ለ ሁለተኛ፣ እንዲህ እያለ ፐ ሰላሳ ሦስተኛ፣ ወደ ጎን ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ቁጥር አለው፣ ሰ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ስለሆነ 7-1፣ ላ 2-4፣ ም 4-6፣ "ሰላም" ማለት 7-1፣ 2-4፣ 4-6 ነው። ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ለጥፌ ገና ሳልጨርስ ነው መጻፍ የጀመሩት። ትንሹ ልጅ ፊደል ላይ ይደናቀፍ የነበረ ነው፣ አሁን ጣቱን ገበታው ላይ እያስኬደ "ገ ሃያ ስድስት" ይላል፣ እኔ ቁጭ አድርጌ ባስጠናው በዛ ፍጥነት አይሆንም ነበር።

ከዛ ትልቋ ልጅ ገበታውን ሳታይ የሌሎቹን መልእክት መስበር ጀመረች። ቁጥሮቹን ስትቆጥር ሁለተኛው ቁጥር ላይ 6 በጣም እንደሚበዛ አየች፣ እውነትም አማርኛ ውስጥ ሳድስ ከሁሉም ይበዛል፣ ከዛ ተነስታ ሌላውን እየገመተች ሄደች። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው አል ኪንዲ ፊደል በመቁጠር ኮድ መስበርን የጻፈ ሊቅ ነው ስላት አላመነችኝም፣ ራሷ ያገኘችው ነገር ላይ የሺህ ዓመት ታሪክ ሲመጣባት ደስታዋን ማየት ነበር።

መፍትሄው ሁለት ሆነ። አንደኛው ፊደላችን ውስጥ ያለው ነው፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ነው ቁጥራቸው ግን 1፣ 3፣ 13፣ ሠ እና ሰ ደግሞ 5 እና 7፣ አ እና ዐ 16 እና 20። ስለዚህ ያው ድምፅ በተለያየ ቁጥር ይጻፋል፣ የሚቆጥረው ሰው ይምታታል። በ1401 ጣሊያን ማንቱዋ ውስጥ ለአንድ ፊደል ብዙ ምልክት የሚሰጥ ኮድ ሲሰሩ ሆነ ብለው ነው የፈጠሩት፣ እኛ ግን ገበታው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ሁለተኛው የዕለቱን ቀን ረድፉ ላይ መደመር ነው፣ ዩሊየስ ቄሳር በሦስት ፊደል ያሻግር እንደነበረው ማለት ነው። በወሩ አምስተኛ ቀን "ሰላም" 12-1፣ 7-4፣ 9-6 ይሆናል፣ ከ33 ካለፈ 33 ይቀነሳል። እዚህ ላይ አንዱ ልጅ ስልክ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ሌላው የኛን ቀን ይዘው ግማሽ ቀን ተጨቃጨቁ፣ ስለዚህ በኛ አቆጣጠር ብላችሁ ቀድማችሁ ወስኑ።

የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሶማሊኛ ቃል በፊደል ጽፎ ወደ ቁጥር ቀየረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ አሜሪካኖች በናቫሆ ቋንቋ መልእክት ያስተላልፉ እንደነበር ነግሬያቸው ስለነበር ነው። አሪፍ ነው ግን አቦ ይሄ ድሬ ነው፣ ግማሹ ልጅ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም ይሰማል፣ ወዲያው ተፈታ።

አሁን ከሁሉም በላይ ሲሪየስ የምለውን ነገር። የመጀመሪያው ቀን ከኮዱም ከሎሚውም በፊት የነገርኳቸው ይሄን ነው፣ የጨዋታ ሚስጥር ሌላ ነው፣ ትልቅ ሰው "ለእናትህ እንዳትነግር" የሚለው ሚስጥር ሌላ ነው። የጨዋታው ሚስጥር ሁሌም መጨረሻው ይነገራል፣ ማንንም አያስፈራም፣ እኔም ገበታውን አውቀዋለሁ። ሆድህን የሚያሳምምህ፣ ስጦታ ተሰጥቶህ ደብቅ የተባልከው፣ የሰውነትህ ነገር ያለበት ሚስጥር ከሆነ ግን ሚስጥር አይደለም፣ የዛኑ ቀን ለእናት ወይ ለአባት ወይ ለኔ ይነገራል፣ ማንም አይቆጣም። በየጊዜው እየደጋገምኩ አስብያቸዋለሁ። ልጅን ነገር መደበቅ የሚያስተምር ሰው ይሄን ሳያስተምር መጀመር የለበትም ብዬ ነው የማምነው።

ሌላው፣ እውነተኛ ሰው አይሰለልም። የጎረቤት ወሬ ማዳመጥ የለም፣ ሰው መከተል የለም፣ ፎቶ ማንሳት የለም፣ ፖሊስ ወይም ወታደር ባለበት አካባቢ ጭራሽ አይኬድም። ጎረቤቶቹን፣ የሱቁን ባለቤትና ዘበኛውን ቀድሜ አናግሬያቸዋለሁ፣ የጠመኔ መስመር አይተው እንዳይደነግጡ። ዘበኛው አሁን ራሱ ተጫዋች ሆኗል፣ የክብሪት ቀፎ የሚያጠራቅምላቸው እሱ ነው።

ለትንንሾቹ መጀመሪያ ከሀ እስከ ሰ ያለውን ሰባት ረድፍ ብቻ ስጧቸው፣ በዛ ብቻ ራሱ "ሰላም" ይጻፋል፣ ቀን መደመሩ ደግሞ ቁጥር ሳይቸገሩ ሲደምሩ ይጨመራል። ትልልቆቹ ግን ይሰለቻሉ፣ ለነሱ አዲስ ነገር ያስፈልጋል። እኛ አሁን የጀመርነው የጥንት ስፓርታዎችን ዘዴ ነው፣ ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ዱላ ላይ ጠምጥሞ መጻፍ፣ ሲፈታ ፊደሉ የተበታተነ ነው፣ የሚያነበው እኩል ውፍረት ያለው ዱላ ያለው ብቻ ነው። ከአንድ የመጥረጊያ እንጨት ለሁሉም ቆርጬ አድያለሁ።