«በገና» በሉና ግቡ

ለሕዝብ ክፍት ብዬ ባዘጋጀሁት የመጀመሪያ ንግግር ላይ የተገኙት 11 ሰዎች ነበሩ። አራቱ የትምህርት ክፍላችን መምህራን ናቸው። ሁለቱ ሶኬት ፍለጋ የገቡ ተማሪዎች ነበሩና ስልካቸው ሲሞላ ቻርጀራቸውን ነቅለው ወጡ። ርዕሱ «ሞገድና ድምፅ» ነበር፤ 62 ስላይድ ነበረኝ። ባነሩ ላይ በትልቁ «ለአካባቢው ማኅበረሰብ የተዘጋጀ» ተብሎ ተጽፏል። ከአካባቢው ማኅበረሰብ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ያለሁት ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ከተማ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፣ ታሪኩ የብዙዎቹ ስለሆነ። የዩኒቨርሲቲ ሥራ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው ይባላል። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለን ሰኔ ላይ፣ ዓመታዊ ሪፖርት ሲጻፍ ነው።

በማግሥቱ በር ላይ ቡና የሚያፈሉትን እትዬ «ምነው ትናንት አልመጡ?» አልኳቸው። ጀበናውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ያስገባኛል ልጄ? ደግሞስ ምን ብዬ ልግባ?»

ምን ብዬ ልግባ። ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ጥያቄ ሳመነዥክ ከረምኩ። ዩኒቨርሲቲው ሲሠራ ጀምሮ ከአጥሩ ሥር የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። መምህር አይደሉም፣ ተማሪ አይደሉም፣ ጉዳይ የላቸውም። ጥበቃው «ወዴት ነው?» ቢላቸው የሚመልሱት የላቸውም። «ስለ ሞገድ ንግግር ልሰማ» ይበሉ?

ያኔ ስድስት ኪሎ ተማሪ የነበርኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ግቢው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በውስጡ ይገኛል። በር ላይ ስንሰለፍ መታወቂያ የሌለው የገጠር ሰው ሳይቀር «ሙዚየም» ብሎ ተፈትሾ ሲገባ አይ ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ለካስ ሰውዬውን ያስገባችው አንዲት ቃል ነበረች። የእኛ ግቢ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረውም።

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 25 ሊገባ ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ቃሉን ያገኘሁት በዚያ ሰበብ ነው፤ በገና።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደሚኖሩት በገና ደርዳሪ ሄድኩ። የኔታ ነው ሁሉም የሚላቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው «እዚያ ግቢ ፈተና አለው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ፤ ኋላ ግን ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንደኛ፣ ማንም እንዳያጨበጭብ፤ በገና ጸሎት ነውና። ሁለተኛ፣ እርሳቸው ሲደረድሩ ማንም ቆሞ ፎቶ እንዳያነሣ። ሁለተኛውን ማስከበር አልቻልኩም።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። አንድ ኃላፊ ደብዳቤዬን አይተው «ይሄ ሃይማኖታዊ ነው፤ የመንግሥት ተቋም ውስጥ እንዴት ይሆናል?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለነበር አልተከራከርኩም፤ ተመልሼ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። በገናን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ዕቅድ በሙሉ አስገባሁ፦ በጾሙ በገና፣ ከፋሲካ በኋላ ማሲንቆ፣ በመውሊድ ሰሞን መንዙማ፤ ለእያንዳንዳቸውም የ20 ደቂቃ ንግግር። ያለፈም ምሳሌ ጨመርኩ። ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ውስጥ ነው። ከየአካባቢው የመጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾች አንድ መድረክ ላይ የተቀመጡት በዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ነበር። ታላቁ በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። እኔ አዲስ ነገር እያመጣሁ አልነበረም፣ የቆየ ነገር እያስታወስኩ ነው። ይህን ባልጽፍ ኖሮ ደብዳቤው እስከዛሬ መዝገብ ቤት ነበር። በገናን ብቻ ይዤ ብቀርብ ደግሞ መውደቁ ተገቢም ነበር።

ከተፈቀደ በኋላ ግዥ ክፍል «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» አለኝ። ለበገና ደርዳሪ! በከተማው ያሉት አንድ የኔታ ናቸው። ሁለት ሳምንት ከተመላለስኩ በኋላ አንዲት ልምድ ያላት የሒሳብ ሠራተኛ «የባለሙያ አበል ብለህ ጻፈው እንጂ ግዥ አትበለው» አለችኝ፤ በዚያው ቀን አለቀ። እንዲህ ያለ ሥራ ለምትጀምሩ ሁሉ የምመክረው፣ ከኃላፊው ቢሮ በፊት የሒሳብ ሠራተኛዋን ሻይ ጋብዙ።

በሩ ግን ገና ነበር። መጀመሪያ የእንግዶች ስም ዝርዝር አዘጋጅቼ ለጥበቃ ሰጠሁ። ሞኝነት ነበር፤ የሰፈር ሰው ቀድሞ ስሙን አስመዝግቦ አይመጣም። ከዋናው ጥበቃ፣ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እርሳቸው የሚፈሩት ገብቶ የማይወጣ ሰው ነው፤ መኝታ ክፍሎቹ አካባቢ የሚዞር። ተስማማን። «በገና» ያለ ሰው ተፈትሾ ይገባል፤ ከበሩ እስከ አዳራሹ አምስት ተማሪዎች በመንገዱ ላይ ይቆማሉ፤ ሲያልቅ በመጡበት ይሸኟቸዋል። ከዚያ በቴሌግራም አልለጠፍኩም። ለእትዬ፣ ለባጃጅ ሾፌሮችና ለፀጉር ቤቱ ነገርኩ፦ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት፣ በር ላይ «በገና» በሉና ግቡ።

ሰዉ ከ200 በላይ ሆነ። እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው ፊት ረድፍ ተቀመጡ።

የዕለቱ ስሕተቶች የእኔ ናቸው። የበገና አውታር ከበግ አንጀት የሚሠራ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ይሰማዋል። የኔታ ቤታቸው በቅዝቃዜው ቃኝተውት መጡ፤ የመድረኩ መብራት ሲበራበት ቅኝቱ ጠፋ። ሕዝቡ ፊት ሩብ ሰዓት ሲቃኙ ቆዩ። አሁን መሣሪያው ከሁለት ሰዓት በፊት መድረኩ ላይ፣ መብራቱ ሥር ይቀመጣል። የድምፅ ባለሙያው ደግሞ እንደ ሠርግ ኢኮ ለቀቀበት፤ በገናው ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ መሰለ። ኢኮው ይጥፋ፣ አንድ ማይክ ከገበታው ፊት ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ፤ ሌላ አያስፈልግም።

ንግግሬ ግን በዚህ ጊዜ ሠራ፤ ስላይድ ስላልነበረው ይመስለኛል። የያዝኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ በገና ለምን ይነዝራል? በአብዛኞቹ ባለ አውታር መሣሪያዎች አውታሩ ቀጭን ጠርዝ ላይ ያርፋል። በርኩማ የሚባለው የበገና አውታሮች ማረፊያ ግን ሰፊ ነው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ በርኩማውን ደጋግሞ ይነካካል፤ በነካካ ቁጥር ከዋናው ወፍራም ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ጆሯችን በጣም ወፍራም ድምፅ ላይ ሰነፍ ነው። ቀጫጭኖቹን ከሰማ ግን ወፍራሙን ከነሱ ተነሥቶ ራሱ ያሟላዋል። ህንዶችም ታንፑራ በሚባለው መሣሪያቸው ላይ በቀጭን ክር ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ።

ይህን በቃል ብቻ ብናገር ማን ያምነኝ ነበር? የኔታን ለመንኳቸው፤ እንዚራዎቹን አውጥተው ያለ ማይክ ደረደሩ። ከአራተኛው ረድፍ በኋላ ያለው ሰው እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። መልሰው አስገቡና ያንኑ ደረደሩ። ከኋላ በኩል ቆሞ የነበረ አንድ የባጃጅ ሾፌር «ኧረ ደረሰ!» ብሎ ጮኸ። 62 ስላይድ ያላደረገውን አንዲት ቁራጭ ቆዳ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪ ስጋብዝ፣ የጤናም ይሁን የአፈር፣ «በእጅዎ ይዘው የሚያሳዩት ምን አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ምንም ከሌለ ቀኑን አልሰጥም።

የኔታ ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ በፊት ያ አዳራሽ እንዲያ ዝም ብሎ አያውቅም።

ማሲንቆው ግንቦት ላይ ሆነና ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ቀኑ ስለሞቀ ሰዓቱን ወደ 12 አዛወርኩት፤ ወሩ ረመዳን መሆኑ ፈጽሞ አልታወሰኝም። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚያፈጥሩበት ሰዓት ላይ ነው የጠራኋቸው። አንድ ነጋዴ ኋላ ሲያገኙኝ «ዓመቱን ሙሉ ዕቅድ አወጣሁ ትላለህ፣ ካላንደር የለህም?» አሉኝ። አሁን ግድግዳዬ ላይ የሁለቱም በዓላት የተጻፉበት ካላንደር አለ፤ መንዙማውንም ከመውሊዱ ሳምንት በፊት ከእርሳቸው ጋር ተማክሬ ነው ቀን የቆረጥኩለት።

ያም ሆኖ የማሲንቆው ምሽት ደመቀ። ስለ አራቱ ቅኝቶች ሦስት ደቂቃ ያህል እንዳወራሁ አዝማሪው አላስጨረሰኝም፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እያከታተለ በአንዲቱ አውታሩ እየመታ ልዩነቱን ራሱ አሰማቸው። ከዚያ ሕዝቡ ግጥም ይሰጠው ጀመር። አንድ ሽማግሌ ከመካከል ተነሥተው «ተቀበል!» አሉት፦

በሬው በአጥር ገብቶ ሣር ግጦ ጠገበ፣
ጌታው በበር ቆሞ ቃል እንደ ተራበ።

አዝማሪው በሬውንና በሩን እያገላበጠ ሦስት ጊዜ ደገመው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ፊት ረድፍ ከኃላፊዎቹ ጎን ነበርኩና የማየው አጣሁ። ነገሩ እውነት ነው፤ በጓሮ በኩል አጥሩ ተቀዶ ከብት ይገባል፣ የሰውዬው ማሳ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከመሠራቱ በፊት እዚያ ነበር። ዓመት ሙሉ «የማኅበረሰብ ፍላጎት ዳሰሳ» የሚል መጠይቅ ስንበትን አንድም ሰው ይህን አልጻፈልንም። መጠይቅ ላይ ማን ግጥም ይጽፋል?

ከኃላፊዎቹ አንዱ በማግሥቱ ጠርተው ሲያነጋግሩኝ የጠበቅኩት ወቀሳ ነበር። «ያቺን ግጥም ጻፍልኝ» አሉኝ።

ትምህርቱን የጀመርነው በ2012 ጥቅምት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ነፃ፣ የበገና ጀማሪ ክፍል። 23 ሰው ተመዘገበ። በገናው ሦስት ብቻ! እዚህ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት እስካሁን ይቆጨኛል፤ መሣሪያውን ሳልቆጥር ሰው ቆጠርኩ። አንድ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ በገና የሚይዘው ሩብ ሰዓት ነው፣ ሌላውን ጊዜ ሲያይ ይውላል። በሦስተኛው ሳምንት 14 ሆኑ። ኅዳር ላይ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ረብሻ ምክንያት የእኛም ግቢ ለውጭ ሰው ተዘጋና ጥር ላይ ስንቀጥል የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ። የኔታ ግን ግድም አልሰጣቸው። ሦስት ሦስት አድርገው መደቧቸውና ሌሎቹ ጉልበታቸው ላይ በግራ እጃቸው ጣቶች ባዶ አየር እየደረደሩ እንዲዘምሩ አዘዙ። «ጣት ሳይለምድ አውታር አያስፈልገውም» ነበር ቃላቸው። ከዘጠኙ አንዷ ልብስ ሰፊ፣ ሁለቱ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች፣ አንዱ ደግሞ ጋሼ ነበሩ፤ ከሌሊት ተረኛነት ወጥተው ሳይተኙ የሚመጡት ጥበቃ። የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ በገናውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ሲያቅፉት ጠመንጃ የያዙ ይመስሉ ነበር።

ሳንጠግበው መጋቢት መጣ። በወሩ 4ኛ ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ በቀናት ውስጥ ትምህርት ተቋረጠ፣ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተሸኙ። ጾሙ ላይ አስበነው የነበረው ሁለተኛው የበገና ዝግጅትም ቀረ። ሦስቱ በገናዎች ቢሮዬ ውስጥ ተቆልፎባቸው ቀሩ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ልብስ ሰፊዋ ደወለችልኝ። «መምህር፣ አውታሮቹን አላልተሃቸዋል? እንደተወጠሩ ከከረሙ ይበጠሳሉ እኮ።» አላላላሁም። ተነሥቼ ወደ ግቢው ሄድኩ። በሩ ተከርችሟል፤ ጋሼ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ከወዲያ ቆመዋል። ማንም አይገባም፣ መምህርም ቢሆን።

«በገና» አልኳቸው።

«ዛሬ እሱም አይሠራም» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ሲስቅ ታየኝ። ጥቂት አሰቡና እጃቸውን በብረቱ መካከል ዘረጉ። «ቁልፉን አምጣ። ስንት ዙር ነው የማላላው?»