ራውተር ላይ ሁሉንም ፓኬጅ በአንዴ አፕግሬድ ለማድረግ ላሰባችሁ

ኦፕንወርት (በፋብሪካው ሲስተም ፈንታ የሚጫን ነጻ የራውተር ሲስተም) የተጫነበት ራውተር ካላችሁና «ሁሉንም ፓኬጅ በአንድ መስመር አፕግሬድ አድርጉ» የሚል ምክር ካያችሁ፣ እለፉት። እኔ ሳየው የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያው ቀላል ነው። በኤስኤስኤች (ከኮምፒውተር ሆኖ ትእዛዝ እየጻፉ መግቢያ) ራውተሩ ውስጥ ገባሁ፣ የሴቲንጉን ባካፕ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀመጥኩ፣ ፓኬጆችን (ሲስተሙ የተሠራባቸውን ፕሮግራሞች) በሚጭነውና በሚያድሰው በኦፒኬጂ ዝርዝራቸውን አመጣሁ። ከዚያ ያቺን መስመር ለጥፌ ኢንተር መታሁ።

ጥቂቶቹ በደህና አለፉ። ወዲያው ግን ስክሪኑ «ቦታ የለም» በሚል ስህተት ተሞላ። «ዲኤፍ» (የቀረ ቦታ የሚያሳይ ትእዛዝ) ብዬ ሳይ ኦቨርሌዩ፣ ማለትም አዲስ ነገር የሚጻፍበት የፍላሹ ክፍል፣ 100 በመቶ ሞልቷል። ምክሩን የጻፈው ሰው ያላነሳው ነገር ይኸው ነው፦ ከሲስተሙ ጋር የመጡት ፓኬጆች የሚቀመጡት ስኳሽኤፍኤስ በሚባለው፣ ሊጻፍበት በማይችል የታመቀ ክፍል ነው። አፕግሬድ ሲደረጉ አዲሱ ኦቨርሌይ ላይ ይጻፋል፤ አሮጌው ከሥር እንዳለ ይቀራል፣ ቦታውንም አይለቅም። 16 ሜጋባይት ፍላሽ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቦታ ማለቁ ብቻ በሆነ! ኦፒኬጂ መሃል መንገድ ላይ ሲቆም የጀመረውን ወደ ኋላ አይመልስም። አዲስ ላይብረሪና አሮጌ ፕሮግራም ተደበላልቀው ቀሩ። ሪስታርት ሳደርገው መብራቱ ይበራል፤ አይፒ አይሰጥም፣ ሉሲ የሚባለው የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ አይከፈትም፣ ኤስኤስኤችም ዝም። መፍትሔ የሚፈለገው ኢንተርኔት ላይ፣ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዚሁ ራውተር። ምክር ሰጪው በዚያን ሰዓት አጠገቤ ቢሆን ኖሮ አናወራም ነበር።

ያወጣኝ ፌይልሴፍ ነው፤ ሲስተሙ ሲበላሽ ኦቨርሌዩን ትቶ የሚነሳበት የማዳኛ ሁነታ። የኮምፒውተሬን አይፒ በእጄ 192.168.1.2 አድርጌ በኬብል አገናኘሁ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁና መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ሲጀምር የሪሴት ቁልፉን ተጫንኩ፤ ብልጭታው ይበልጥ ሲፈጥን ገብቷል ማለት ነው። በ192.168.1.1 ያለ ፓስወርድ ገብቼ በ«ፈርስትቡት» ትእዛዝ ኦቨርሌዩን ጠረግኩት። ያ ያናደደኝ የማይነካ የስኳሽኤፍኤስ ክፍል ስላልተበላሸ ሲስተሙ እንደ አዲስ ተነሳ። ባካፑ ሴቲንግ እንጂ ፓኬጅ አይዝም፤ ስለዚህ የጨመርኳቸውን እያስታወስኩ መልሼ ጫንኩ። እናንተ ዝርዝሩን ቀድማችሁ ጻፉ።

አሁን ሲስተሙን የማድሰው በሲስአፕግሬድ፣ ማለትም ሙሉውን በአዲስ ኢሜጅ (የሲስተሙ ፋይል) በመተካት ነው። አቴንድድ ሲስአፕግሬድ የሚባለው ደግሞ የጨመራችኋቸውን ፓኬጆች ኢሜጁ ውስጥ አካቶ ስለሚሠራ እነሱም ታምቀው ይቀመጣሉ።

ኦፊሴላዊው ምክር በኦፒኬጂ አፕግሬድ ከማድረግ ጨርሶ ራቁ ወደሚለው ያደላል። እዚህ ላይ አልስማማም። ራሴ የጨመርኩትንና ሌላ ነገር የማይደገፍበትን ፓኬጅ አንድ በአንድ አድሳለሁ፤ እሱ ያለው ኦቨርሌይ ላይ ስለሆነ አሮጌው በእርግጥም ይጠፋል። የሲስተሙ መሠረት የሆኑት ከርነል፣ የከርነል ሞጁል፣ ሊብሲ፣ ቢዚቦክስ ግን በእጄ አይነኩም። ከኦፕንወርት 25.12 ጀምሮ ኦፒኬጂ በኤፒኬ ተተክቷል፤ የቦታው ሒሳብ ግን ያው ነው።